ከመላጣው ሥር

አባቴ ቤቱን ተራራ ሥር ሠራ ስል ሰዎች ደን፣ ምንጭና የወፍ ጫጫታ ያስባሉ። ነገሩ ሌላ ነው። ከአሶሳ ወጣ ብላ ካለችው የሰፈራ መንደራችን ጀርባ፣ ከሜዳው መሀል ብድግ ያለ አንድ ወጥ ድንጋይ አለ። አናቱ ክብ ነው፤ ሣር አይበቅልበትም፤ ዝንጀሮ እንኳ የሚወጣው እያማረረ ነው። ሰፋሪዎቹ መላጣው ይሉታል። ሌላ ስም ሊያወጡለት ሞክረው እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያስፈልገውም አይመስለኝም።

አባቴ ወደዚህ የመጣው በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ፣ ከወሎ በሰፈራ ነው። የቤት መሥሪያ ቦታ ሲመራ ሌላው ወደ መንገዱ ሲሻማ እሱ «መላጣው ሥር ይሁንልኝ» አለ። ምክንያቱን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም እስከ ዛሬ ይናገራል። በክረምት ድንጋዩ ላይ የሚዘንበው ውሃ ሁሉ ተንሸራቶ ደጁ ድረስ ይመጣል፤ ጉድጓድ መቆፈር የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መላጣው ጥላውን ይጥልለታል፤ በእኛ አገር ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አውድማው። ወሎ እያለ እህል ለመውቃት በየዓመቱ መሬት ጠርጎ፣ እበት በጥብጦ፣ ለቅልቆ ማድረቅ ነበረበት። እዚህ ግን የመላጣው ግርጌ ለጥ ያለ ነው። «አላህ ራሱ ለቅልቆ ያቆየኝ አውድማ» ይለዋል።

ቦታው ባዶ ነበር። ባዶ ቦታ ያገኘ ሰፋሪ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ አይጠይቅም። አገሬው ስንትና ስንት ዘመን ሲኖር መላጣው ሥር አንዲት ጎጆ አልቀለሰም። አባቴ ይህንን የአገሬው ስንፍና ነው ብሎ ተረጎመው፤ ትርጉሙም ለብዙ ዓመት አገለገለው።

አገሬው ማለት ለእኛ በተለይ ከጅረቱ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። የበርታ ሰው ናቸው። ለውዝ ያመርታሉ፣ ማንጎ ይሸጣሉ፣ ከአባቴ ጋር አብረው ጁምዓ ይሄዳሉ፣ ሲመለሱም እየተከራከሩ ነው። የሚከራከሩት ስለ ፖለቲካ እንዳይመስላችሁ፤ ዝናቡ መቼ እንደሚገባ ነው። ከፍ ስል፣ ያን ጊዜ ለአባቴ ለምን ስለ ቦታው እንዳልነገሩት ስጠይቃቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። እሳቸው ሁሉንም ሰው አንተ ነው የሚሉት፤ ሴቷን እኔንም ጭምር።

«ያን ጊዜ እኔ አማርኛ የለም። አባትህ በርታ የለም። በኋላ አማርኛ መጣ፤ ግን ቤት ሠርቷል፣ ሚስት አግብቷል፣ አንተ ተወልዷል። ቤት ለሠራ ሰው፣ እዚህ አትሥራ ይባላል እንዴ?»

አይባልም። እኔም ብሆን አልልም ነበር።

ታዲያ እዚያ ቤት የማይሠራው ለምንድን ነው ስላቸው፣ «ጀበሉ ልብስ ያወልቃል» አሉኝ። ጀበል የሚሉት ተራራውን ነው። ያን ጊዜ ልጅነት ስለነበረብኝ ሳቅሁ። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ ስማር፣ አስተማሪያችን ይህንኑ ነገር በረጅሙ ነገረን፤ ያን ጊዜ አልሳቅሁም፤ ፈተና ነበረው።

አሁን እኔው አሶሳ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አስተምረዋለሁ። መላጣው ግራናይት ነው። የተወለደው ከመሬት በታች ነው፤ ቀልጦ ወደ ላይ ሲመጣ ሳይደርስ እዚያው ቀረና ቀዘቀዘ። የቀዘቀዘው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ ፍሬው በዓይን ይለያል፤ ነጩ አለ፣ ሮዝማው አለ፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚብለጨለጨው ጥቁሩ አለ። ያን ጊዜ በላዩ ሌላ ብዙ ድንጋይ ተከምሮበት ነበር። ዝናብና ወንዝ ያንን ክምር ሲያጥቡ፣ ሲጠርጉ፣ ለማሰብ እንኳ በሚያደክም ዘመን ውስጥ ገፈው ጨረሱት። ጠንካራው ስለሆነ እሱ ብቻ ቆሞ ቀረ። ሸክሙ ሲነሳለት ግን ድንጋዩ ወደ ላይ ተነፋ፤ ሲነፋ ላይኛው ከውስጠኛው እየተላቀቀ እንደ ሽንኩርት በልጣጭ በልጣጭ ይነሳል። ይህንን ለአባቴ ስነግረው የገባው ወዲያው ነው። «ሸክም ያወረደ ሰው ወገቡ ይንቋቋ የለ?» አለኝ። ለክፍል ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው በእሱ ምሳሌ ነው።

ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ያቀዘቅዘዋል፣ በበጋ የሣር ቃጠሎ ይለበልበዋል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል። ውሃው ሮዝማውን ፍሬ ቀስ እያለ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል። አንዱ ቅርፊት ሲወርድ ከሥሩ ሌላ መላጣ ይወጣል፤ ክብነቱ የማይጠፋው ለዚህ ነው። የወረደው ፈርሶ አፈር ይሆናል። አባቴ ማሽላ የሚዘራበት አፈር እሱ ነው። ቤቱን የመረገበትም ጭቃ እሱ ነው። «እንግዲያ ቤቴ የሱው ልጅ ነው፤ ልጁን አይጥልም» አለ። ቀልዱን ነው ብዬ አለፍሁት።

ተማሪዎቼ ይህንን ሁሉ በቃላቸው ይይዙታል፤ ፈተና ላይ ይጽፉታል፤ ከዚያ ይረሱታል። እኔ ልረሳው አልቻልሁም፤ እናቴ ሥሩ ወጥ ትሠራለች።

ማሽላ ከመወቃቱ በፊት በየዓመቱ የሚደረግ ነገር አለ። አባቴና ጎረቤታችን ጫማቸውን አውልቀው መላጣው ላይ ይወጣሉ። አባቴ በመጥረቢያው ጀርባ ድንጋዩን እየመታ ይሄዳል። ጠንካራው ቦታ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል። ከሥሩ የተላቀቀው ግን እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል። ባዶ በጮኸበት በሬ አይነዳም። ይህንን ያስተማሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ እሳቸው የጨመሩበት ደግሞ ጠጠር አለ። ከቤታችን በላይ ባለው ትልቁ ቅርፊት ራስጌ ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ አፍ ላይ ጠጠር አጥብቀው ያስገባሉ። በዓመቱ ጠጠሩ እንደ ጠበቀ ካገኙት ቅርፊቱ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው። አይተው «አልሐምዱሊላህ» ይባባላሉ፤ ወርደው እህል ይወቃል።

ያለፈው በጋ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬያቸው ወጣሁ። የሣሩ ቃጠሎ ከጥቂት ቀን በፊት አልፎ ነበርና ግርጌው ጠቁሯል። አባቴ እየመታ ወጣ። ትልቁ ቅርፊት ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ወደ ግራ ሄዶ መታ፤ ባዶ። ወደ ቀኝ ሄዶ መታ፤ ባዶ። ሙሉው እንደ ከበሮ ነው።

«ደህና ነው» አለ አባቴ።

«አባ፣ ባዶ ነው እኮ የሚጮኸው!»

«እድሜ ነው። የኔም ጉልበት እንዲህ ይላል።»

ጎረቤታችን ቀና ብለው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ጥር ነበር፤ ሰማዩ ላይ የሚታይ ምንም አልነበረም።

ራስጌው ጋ ደረስን። ከስንጥቁ ውስጥ የበቀለች የዋርካ ችግኝ ነበረች፤ አሁን ክንድ አክላለች። ያለፈው ዓመት ጠጠር ቦታው ላይ የለም። ጎረቤታችን ሌላ አነሱና ስንጥቁ አፍ ላይ አኖሩት። ወደ ውስጥ ገባ። ኳ፣ ኳ፣ ኳኳ እያለ ወረደ፤ አረፈ ስንል ደግሞ ኳ አለ። ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን ስናዳምጥ ቆየን።

«ጠጠሩ ትንሽ ነው» አለ አባቴ።

ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ፈልጎ መጣና እሱው አኖረው። እሱም እያንኳኳ ወረደ። አባቴ ስንጥቁን ትኩር ብሎ አየው፤ ሰው አጉል ሲመልስለት እንደሚያየው ማለት ነው። ከዚያ ዱባ የሚያህል አቅፎ አመጣ። ይህኛው ጠበበው። አባቴ በእግሩ ገፋ አደረገው። ገባ።

«ሌላ ይጨምር?» አሉ ጎረቤታችን፣ በፍጹም ትሕትና።

ከቆምንበት ወደ ታች ሳይ የቤታችን ቆርቆሮ ከእግሬ ሥር ይታያል። እናቴ ደጅ በርበሬ ታሰጣለች። ፈራሁ። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥለው የኖርሁት ቅርፊት ይኸው ነው፤ ስሥል ግን ከሥሩ ሰው አልሥልም ነበር።

ዘግይቶ በቀረበው ምሳ ላይ ነገሩን አነሳሁት። መላጣው ጥላውን ጥሎልን፣ ነፋሱም ደስ የሚል ነበር። አባቴ እስክጨርስ ሰማኝ።

«መቼ ነው የሚወርደው?» አለኝ።

«አይታወቅም። ነገ ሊሆን ይችላል። ከሺህ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል።»

የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። «መንግሥት እንኳ ሲያስነሳን ቀን ቆርጦልን ነበር።»

«እኔ ከተዳርሁ ጀምሮ ከዚህ እንነሳ እላለሁ» አለች እናቴ። «በየክረምቱ የድንጋዩ ውሃ ጓዳዬ ይገባል።»

«ውሃ አገኘሁ ብለሽ አመስግኚ» አላት።

እናቴ ሳህኑን አነሳች። እሷም በሰፈራ ነው የመጣችው፤ በሌላ መኪና፣ ከሌላ ቀበሌ። የተጋቡት እዚህ ነው። ከአባቴ ጋር መሟገት ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ መሆኑን ከኔ በፊት ታውቃለች። እኔ ግን ስለ ተማርሁ ቀጠልሁ። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ዋርካዋ ሥር፣ ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ አስረዳሁት። መጨረሻ ላይ፣ «አባ፣ ለራስህ ጥቅም እኮ ነው» አልሁት።

እጁን ከመሶቡ አነሳ።

«ይህችን ቃል አውቃታለሁ» አለኝ። «ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ለጥቅማችሁ ነው ያለን ሰውዬም እንዳንቺው የተማረ ነበር። አንድ ጊዜ ተነስቻለሁ። ሁለተኛ የምነሳው በቃሬዛ ነው።»

አንገበገበኝ። እኔ አባቴን ከድንጋይ ላድን፣ እሱ ከካድሬ ይደምረኛል! መልስ ፈለግሁ፤ የቃሏን ባለቤትነት መካድ አልቻልሁም፤ እኔው ነኝ ያልኋት። ተናድጄ ወደ አሶሳ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እናቴ ጋ እደውላለሁ።

«ወደቀ?»

«አልወደቀም።»

«ሌላስ?»

«ሌላው ደህና ነው። ሽንኩርት ተወዷል።»

ይሄው ነው ወሬያችን። ስልኩን ዘግቼ ክፍል እገባለሁ፤ ስለ ግራናይት አስተምራለሁ፤ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ታዲያ ሥሩ የሚኖር ሰው ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ እሰጋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። መጽሐፉ ላይ ስለሌለ ፈተና ላይ እንደማይመጣ ያውቃሉ።

አንድ ቀን የእናቴ ወሬ ተለወጠ። ጎረቤታችን ቀርከሃ ተሸክመው፣ ከጅረቱ በእነሱ በኩል ካለው ከፍታ ላይ አራግፈው፣ ጉድጓድ መቆፈር ጀምረዋል። ቤት ነው። የማን ነው ሲባሉ፣ «ልጅ ያገባል» ብለዋል።

ልጃቸው ካገባ ስንት ጊዜው ነው። ባምባሲ ነው የሚኖረው፤ ልጆችም አሉት። ሠርጉ ላይ በሬውን ያረደው አባቴ ነው።

ነገር ግን በእኛ መንደር ሰው ቤት ሲሠራ እያዩ ቁጭ ማለት ነውር ነው። ሰፋሪውም አገሬውም በዚህ ይስማማል፤ የሚያገባው ማን ነው ተብሎ አይመረመርም፤ ቀርከሃው ከታየ ደቦ ነው። አባቴ ሁለት ቀን ከደጁ ቆሞ አየ። በሦስተኛው መጥረቢያውን ይዞ ጅረቱን ተሻገረ።

ቅዳሜ ሄድሁ። አባቴ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ማገር ያስራል፤ እንደዚያ ሲሠራ ካየሁት ቆይቷል። ሰላም አለኝና ሥራውን ቀጠለ። ስለ መላጣው አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም እንደዚሁ። ልጠይቅ ስል ጎረቤታችን በዓይናቸው ከለከሉኝ። ጭቃው ሲቦካ አባቴ፣ «አፈሩ ከመላጣው ሥር ይምጣ፤ እንደሱ የሚይዝ የለም» አለ። ተመላልሰን አመጣን። እኔም ተሸከምሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁት ለዚህ ነው።

ጠቡ የመጣው በበሩ ላይ ነው። ጎረቤታችን በሩን በምሥራቅ በኩል ሊከፍቱ ቀርከሃውን ለይተዋል። አባቴ መጥቶ አስቆማቸው።

«በምዕራብ ነው የሚሆነው። ወደ መላጣው።»

«ዝናብ በዚያ ይመጣል» አሉ ጎረቤታችን፣ በእጃቸው እያሳዩ። «ቤት ውስጥ ይገባል።»

«ይግባ።»

«ወላሂ፣ ማንም ሰው በዚያ በር አያደርግም!»

«ይሄ ቤት ግን ያደርጋል» አለ አባቴ።

ጎረቤታችን ትንሽ አዩት። ስለ ዝናብ ሲከራከሩ አንድም ቀን ለአባቴ ለቀውለት አያውቁም። ከዚያ ቀርከሃውን አንስተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። ሰው ለጎረቤቱ ልጅ ቤት ስለ በር አቅጣጫ እንደዚያ አይከራከርም። አባቴ ቤቱ የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ እሳቸውም ማወቁን ያውቁ ነበር። ተነስ ያለው የለም፤ እሽ ያለም የለም። እኔ በትምህርቴ ያልቻልሁትን ጎረቤታችን በአንድ ውሸት ቻሉት፤ ውሸቱም ማንንም አላታለለም።

ጣራው ሲከደን ጎረቤታችን አባቴን፣ «ልጅ ቀረ አለ፤ ባምባሲ ይሻላል አለ። ቤት ባዶ ሆነ፤ ምስጥ ይበላል» አሉት።

«ምስጥ እንዳይበላው ሰው ይግባበት እንጂ» አለ አባቴ፣ እንደሚያዝን ሰው።

እናቴ ዕቃዋን ጠቅልላ የጨረሰችው ከሳምንት በፊት ነው።

የድሮውን ቤት አባቴ እንዳለ ተወው። ቆርቆሮውን እንኳ አልነቀለም፤ እናቴ በዚህ እስከ ዛሬ ትነጫነጫለች፤ አዲሱ ጣራ ሣር ነው፤ ያፈሳል። ማሽላውም መላጣው ግርጌ አይወቃም፤ አባቴ እንደ ወሎው ጊዜ መሬት ጠርጎ፣ እበት በጥብጦ ለቀለቀ።

በክረምት ልጠይቃቸው ሄድሁ። ጎረቤታችን እንዳሉት ዝናቡ በምዕራብ መጣ፤ በሩ ክፍት ነበርና ቀጥ ብሎ ቤት ገባ። መደቡ ረጥቧል። እናቴ ባልዲ ይዛ ትሯሯጣለች። አባቴ በሩ ትይዩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩ በውሃ ይበሰብሳል። ከጅረቱ ማዶ መላጣው በዝናብ ውስጥ ጠቁሮ ቆሟል፤ ውሃው በገላው ላይ ይንሸራተታል፤ ትልቁ ቅርፊት ቦታው ላይ ነው፤ ከሥሩ የድሮው ቤታችን በሩ ተዘግቶ ቁጭ ብሏል።

ተቆጣሁ። «አባ፣ ምን ያለ ግትርነት ነው! በምሥራቅ ቢሆን ምን ነበረበት? ይሄ በር ለምን ይጠቅማል?»

ሲመልስ ወደ እኔ አልዞረም።

«ከወሎ ስንወጣ መኪናው ሸራ ለብሶ ነበር» አለ። «ከኋላው ተቋጥሯል። ቤቴ ሲቀር አላየሁትም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር አሉ። እሷንም አላየኋትም። ይሄኛው ሲሄድ አያለሁ።»

አባቴ ስለ እናቱ ሲያወራ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። አለቀስሁ፤ ዝናቡ ስለሚገባ ፊታችን ሁሉ እርጥብ ነበር። ሌላ በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

እናቴ ከጓዳ፣ «ኧረ በሩን ዝጉት!» እያለች ትጮኻለች። አልዘጋሁትም።